ይስጥልኝ የተከለከለባት አገር

የአገሪቱን ስም አትጠይቁኝ። ብትጠይቁኝም አልነግራችሁም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይኸው ጥግ ላይ ያለኸው ከአሁኑ ፈገግ ብለሃል። ወሬዬ ስለ አበጋዝ ነው። አበጋዝ በዚያች አገር የጆሮ ሹም ነበር። ከሹመቱ በተሻረ ሰሞን አራስ ሚስቱና ሕፃን ልጁ እህል በሞላበት አገር መካከል በረሃብ ሊያልቁበት ነበር። እንዴት እንደተረፉ ነው የምነግራችሁ። መትረፋቸውን አስቀድሜ የተናገርኩት ሆን ብዬ ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው አስጨንቄ ማውራት አልወድም።

አገሪቱ ሁለት ኮረብታ ነበራት። በአንዱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ላይ መስጊድ፣ በመካከላቸው ገበያ። ገበሬው እህሉን ሲወቃ ከአውድማው ሳይነሳ ያካፍል ነበር፤ ክርስቲያኑ አስራቱን፣ ሙስሊሙ ዘካውን ያወጣል። የተሳለ ስለቱን ያገባል፣ የጨነቀው ሰደቃ ያወጣል፣ የሞተበት ተዝካር ይደግሳል። ሥጋውን ሁሉም እንደየሃይማኖቱ ይበላል እንጂ እህሉ፣ ማሩና ቅቤው አጥር አይለይም ነበር። አበጋዝ ራሱ አባቱ ከመስጊዱ፣ እናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ወገን ነበሩ። በዚያ አገር ይህ ብርቅ አይደለም።

የተቀበለ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ወይም «አላህ ይስጥልኝ»። ቃሉን አስተውሉት። እኔ የምመልስልህ የለኝም፣ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት ነው። የሌለው ሰው ደግሞ ለማኝ ደጁ ሲቆም «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያሰናብታል። እኔ ዛሬ ባዶ ነኝ፣ እሱ ይስጥህ ማለቱ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ጭራቸው ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ምስጋና፣ አንዱ ክልከላ። አሁን ይህን ያልያዘ ሰው ኋላ እንዳይጠይቀኝ።

በዚያን ዘመን የነገሠው ሰው «ሰጪው» ተብሎ እንዲጠራ ያዘዘ ነበር። አንድ የድርቅ ዓመት ከግቢው ጎተራ ለሕዝብ እህል አውጥቶ፣ ምስጋናውን ሊሰማ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ድርሻውን እየተቀበለ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» እያለ ሄደ። የእሱን ስም ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ሰጪው ተናደደ። እህሉ የእኔ ሆኖ ምስጋናው ለምን ወደ ሌላ ይሄዳል አለ ይባላል። እህሉስ ቢሆን ከየት መጥቶ ነው የእሱ የሆነው? እንተወው፣ ደሜ ይፈላል።

በሳምንቱ አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ አስራትም ዘካም፣ ስለትም ሰደቃም የቸርነት ቤት ወደሚባል አዲስ ጎተራ ይግባ፤ የቸገረውም ወደዚያው ይምጣ። ከሰው ወደ ሰው መስጠት ክልክል ነው። የተቀበለም «ሰጪው ይስጥልኝ» ይበል።

የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ልሳነወርቅና የመስጊዱ ሸህ ኑርየ ተያይዘው ግቢ ገቡ። ምጽዋት በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ ነገር ነው፣ በሁለታችንም ትምህርት ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው እንኳ ባያውቅ ይመረጣል ብለው አስረዱት። ሰጪው በጥሞና ሰማቸው። በማግስቱ ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ወደ ቸርነት ቤት እህል የሚያስገባ ሁሉ ግራ እጁ እንዳያውቅ ወደ ኋላ ይታሰር ተባለ። በሩ ላይ የገመድ ሹም ተሾመ። ሰው በአንድ እጁ ጆንያ ሲጎትት፣ ጆንያው ሲቀደድ፣ እህሉ ደጅ ላይ ሲፈስ ይውል ጀመር። የአገሪቱ ዶሮዎች እንደዚያ ዓመት ጠግበው አያውቁም።

ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የመለያ ሹም የሚባል ሰው፣ የክርስቲያኑ ስንዴ ለክርስቲያን፣ የሙስሊሙ ለሙስሊም ካልደረሰ ሃይማኖት ይበረዛል ብሎ ተነሳ። ሐሳቡ የመጣለት ግን ስንዴው አንድ ጎተራ ገብቶ ከተቀላቀለ በኋላ ነው። ሴቶች ሰብስቦ በሰፌድ ያስለቅም ጀመር። የቱ የማን እንደሆነ በምን እንለይ ቢሉት በደንብ እዩት አላቸው። እነሱም ሲያዩት ከረሙ። ነቀዙ ግን ሳይለይ በላው።

የቸገረው ሰው እዚያ ሲሄድ አደባባይ ላይ ከተሠራ መደብ ይወጣል። ነጋሪት ይመታል። አንድ ለፋፊ እገሌ የእገሌ ልጅ ተርቦ መጥቷል ብሎ ለገበያተኛው ያሰማል። ሰውየው «ሰጪው ይስጥልኝ» ይላል፤ ድምፁ ካነሰ ይደግማል። ከዚያ በኋላ ነው እፍኝ የምታህል እህል የምትሰፈርለት። ታዲያ ወግ ያለው ሽማግሌ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ጦማቸውን ያድራሉ እንጂ እዚያ መደብ ላይ ይወጣሉ? አይወጡም።

አዋጁን ማን ያስከብር? ዓይን እንዳይሾም አጥር አለ። በዚያ አገር የሰው አጥር ዘሎ መግባት ነውር ነው፤ ይህን እንኳ ወታደሮቹ ራሳቸው እምቢ አሉት። ስለዚህ ጆሮ ተሾመ። ጆሮዎች ከአጥር ውጭ ቆመው ያዳምጣሉ። የግቢው ሊቃውንትም ሕግ አበጁላቸው፤ «ይስጥልኝ» የተባለበት ቤት ሰጥቷል፣ «ይስጥህ» የተባለበት ቤት ከልክሏል። የሰጠ ቤት ቅጣቱ በር ነቀላ ነው። መስጠት እንዲህ ከወደድክ ቤትህ ለሁሉም ክፍት ይሁን ለማለት ነው፤ ቅኔ የተቀኙ መስሏቸው ነበር።

ከጆሮዎች ሁሉ አበጋዝ ይበልጥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የታዘዘውን የሚያምን ሰው ነበር፤ ይህ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉነት ይብሳል። መጀመሪያ የነቀለው በር የእትዬ ሸምሲያን ነው። እትዬ ሸምሲያ ገበያው ዳር የሚኖሩ፣ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ንፍሮ ቀቅለው ለደጃቸው ድሃ የሚዘግኑ ሴት ነበሩ። አንድ ጁምዓ አንድ ዓይነ ስውር ንፍሮውን ተቀብሎ፣ አፉ አምልጦት «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አለ። አበጋዝ አጥሩ ጥግ ነበር። በሩ ተነቀለ። እትዬ ሸምሲያ በራቸውን ሰዎች ተሸክመውት ሲሄዱ ቆመው አዩ።

ዓይነ ስውሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ተመልሶ መጣ። የሚያንኳኳው በር ስለሌለ ደጁ ላይ ተገትሮ ቀረ። እትዬ ሸምሲያ ጆሮዎቹ ከአጥሩ ውጭ መሆናቸውን ያውቃሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አላህ ይስጥህ፣ ሂድ ከዚህ አሉት፤ ይህን እያሉም ትኩስ ንፍሮ እጁ ላይ ዘገኑለት። ዓይነ ስውሩ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ገባው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ምነው እንዲህ ጨካኝ ሆኑ እያለ እየተነጫነጨ ወጣ። ጆሮዎቹም ሴትዮዋ ታረመች ተባባሉ።

ከዚያ ወዲህ የአገሩ ቋንቋ ተገለበጠ። ክልከላው መስጠት ሆነ፣ ስድቡ ምስጋና ሆነ። መሪጌታ ልሳነወርቅ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነዳያንን «እግዜር ይስጣችሁ» እያሉ ሲያባርሩ ተሰሙ፤ ነዳያኑም ዳቦውን ጉያቸው ሸጉጠው፣ ከእኝህ ጨካኝ መሪጌታ ያውጣን እያሉ ተመለሱ። ሸህ ኑርየን ያህል ደግሞ በዚያ አገር የተሰደበ ሰው የለም። ዘካቸው ብዙ ነበር። ይህን ሁሉ የማያውቁት ጆሮዎቹና ቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበሩ። ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር፤ ለእነሱ ግን ማንም አልነገራቸውም።

አበጋዝ ከአጥር አጥር ሲዞር «ይስጥህ» ከማለት በቀር የሚሰማው ጠፋ። ግቢ ገብቶ፣ አገሩ ጸድቷል፣ ከእርስዎ በቀር የሚሰጥ የለም ብሎ አመለከተ። ካባ ተሸለመ። ሰጪው ግን ደስታው ብዙ አልሰነበተም። ሰው ሁሉ ከከለከለ ድሃው ወደ እሱ መምጣት ነበረበት፤ መደቡ ግን ባዶውን ይውላል፣ ነጋሪቱም ድር አደራበት። ድሃው ወዴት ሄደ ብሎ ሊቃውንቱን ጠየቀ። መልስ ሲጠፋ የሚወቀስ ሰው ይፈለጋል፤ አበጋዝ ጆሮው ደንቁሯል አሉ። ካባው ተገፈፈ፣ የግቢ ቤቱን ለቀቀ፣ ከቸርነት ቤትም እህል እንዳይሰፈርለት ታዘዘ።

ይህ የሆነው ሚስቱ እናኑ በተገላገለች ሰሞን ነው። ዘመዶቿ ከወንዝ ማዶ፣ ሩቅ ናቸው። አበጋዝ እሷንና ልጁን ይዞ ከከተማው ዳር የሰብል ጠባቂ ትቶት በሄደ ጎጆ ገባ። የያዙት ስንቅ አለቀ። አራስ ገንፎ ሳትበላ ስንት ትቆያለች? ጡቷ ነጠፈ። ሕፃኑ መጀመሪያ ይጮህ ነበር፤ ኋላ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አበጋዝ ያን ሁሉ የሰው ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው፣ የልጁ ድምፅ ሲቀጥን ሰማ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ለመለመን ወጣ።

አሁን እንግዲህ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ቤት ደጅ ቆሞ ስለ ማርያም አለ። ከውስጥ «እግዜር ይስጥህ» ሲሉት ዞሮ ሄደ። ሴትዮዋ ቁራሽ ይዛ ብትወጣ ሰው የለም። ሁለተኛው ቤት እንደዚያው። ሦስተኛው ቤት «አላህ ይስጥህ» አሉት፣ ሄደ። ለዓመታት ሲያዳምጠው የኖረ ቃል ስለሆነ ትርጉሙን አልተጠራጠረም። ከኋላው በየደጁ እንጀራና ዳቦ የያዘ ሰው ወዲያና ወዲህ እያየ ይቀራል። እኔ እዚያ ብኖር ጋቢውን ይዤ እመልሰው ነበር። እሱ ግን በማንም አልተቆጣም። ይህን አገር እንዲህ ያጨከንኩት እኔ ነኝ እያለ ባዶ እጁን ጎጆው ገባ። እናኑ ፊቱን አይታ ሕፃኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

በማግስቱ ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ተከለከለ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ያልረገጠው የእትዬ ሸምሲያ ደጅ ብቻ ቀረ። እዚያ ከመሄድ ሞት ይሻለው ነበር። ግን የሚሞተው እሱ ቢሆን ነው እንጂ ልጁ ከሆነ ምርጫ አይደለም። ሄደ።

በሩ ዛሬም የለም። አበጋዝ ክፍቱ ደጅ ላይ ቆመ። እትዬ ሸምሲያ የተከናነበ ሰው አዩ፤ ከአጥሩ ውጭም የአበጋዝ ምትክ የሆነው አዲሱ ጆሮ መቆሙን ያውቃሉ። እንደ ልማዳቸው አላህ ይስጥህ፣ ሌላ ቤት ሞክር ብለው ጮኹና ዳቦ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ዞሩ። ዳቦውን ይዘው ሲመለሱ ሰውየው የአጥሩ መውጫ ጋ ደርሷል።

እትዬ ሸምሲያ ዳቦውን እንደያዙ ቀሩ። በዚያ አገር «ይስጥህ» ሲባል የሚሄድ ለማኝ የለም፤ እጁን ይዘረጋል እንጂ። ይህን ቃል የሚያምን ሰው ጆሮ ብቻ ነው። ከጆሮዎችም በዚህ ቁመትና በዚህ አረማመድ አንድ ሰው ብቻ ነው። አወቁት።

ቢጠሩት ምን ይሆናል? የአገሩ ምስጢር በዚያ ሰው እጅ ይገባል። ነገ ግቢ ሄዶ ቢናገር የሁለቱም ኮረብታ በር ሁሉ ይነቀላል፣ ድሃውም ተመልሶ መደብ ላይ ይወጣል። ምናልባትም መሻሩ ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ዝም ቢሉ የሚወቅሳቸው አልነበረም፤ ቂም ይዘው ቢስቁ እንኳ እኔ አልፈርድባቸውም። አበጋዝ ግን አልወጣም። የአጥሩን እንጨት ተደግፎ ቆመ። እትዬ ሸምሲያ ነጠላቸውን ሰብስበው ተከተሉት።

«አበጋዝ» አሉት በሹክሹክታ። «ወዴት ነው? እጅህን ዘርጋ እንጂ።»

«ከለከሉኝ እኮ፣ እትዬ።»

«መች ከለከልኩህ?» ብለው ዳቦውን እጁ ላይ አኖሩለት።

አበጋዝ ዳቦውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እንደገና ዳቦውን አየ። ቀስ እያለ ገባው። በእነዚያ ዓመታት በጆሮው ያለፈው «ይስጥህ» ሁሉ ተመልሶ መጣበት፤ እያንዳንዱ ቁራሽ ነበር፣ እያንዳንዱ እፍኝ ንፍሮ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ጨካኝ አለመሆኑን ሲያውቅ ደስታው ከረሃቡ በላይ አዞረው።

«አራስ አለችኝ» አለ። «ጡቷ ነጥፏል።»

የእትዬ ሸምሲያ ፊት ተለወጠ። «አብሽር» አሉት። «እንደርሳለን። አሁን ስደበኝ።»

«ምን አሉኝ?»

«አጥሩ ጥግ ጆሮ አለ። ጨካኝ በለኝ፤ አለዚያ ይጠረጥራል።»

አበጋዝ አፉን ከፈተ፣ ስድቡ እምቢ አለው። ምላሱ ላይ የመጣው ሌላ ቃል ነበር፤ ያው በር የነቀለበት ቃል። ከንፈሩ ለመናገር ሲንቀሳቀስ እትዬ ሸምሲያ አዩትና እጃቸውን አፉ ላይ ጣሉ።

«እሱን በሆድህ በለው» አሉት። «የሚሰማው ይሰማሃል።»

በሆዱ አለው። ከዚያ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ጨካኝ ነዎት፣ እንደ እርስዎ ያለ ጨካኝ በዕድሜዬ አላየሁም ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ በዚያ መንደር ከዚያ የበለጠ ምስጋና አልተሰማም። አጥሩ ጥግ ያለው ጆሮ፣ ምን ቢጨክኑበት ነው እንዲህ የሚያስለቅሱት ብሎ ተደነቀ።

አበጋዝ ሲወጣ ያው ጆሮ መንገድ ላይ አስቆመው። ያውቀዋል፤ ሥራውን ያስለመደው አበጋዝ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ድሃው ወዴት እንደሚገባ ለነገረው ሰው ሰጪው ካባና ቤት ቃል ገብቷል፤ አንተ የሰማኸው ነገር የለም ወይ አለው። ዳቦው በጋቢው ስር የአበጋዝን ደረት እያሞቀው ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ማታ ግቢ ያድራል።

«ምን እሰማለሁ» አለው። «ደንቁሯል ተብዬ አይደል የተሻርኩት?»

ጆሮው ሳቀና አሳለፈው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴቶቹ ወደ ጎጆው መጡ፤ ከሁለቱም ኮረብታ። የመሪጌታ ልሳነወርቅ ባለቤት ቅቤ፣ የሸህ ኑርየ ልጅ አብሽ፣ ሌላዋ ሙቅ፣ እትዬ ሸምሲያ ደግሞ ገና የሚፍለቀለቅ ገንፎ ይዘው። መንገዱን ሁሉ ጆሮ እንዳይጠረጥራቸው እየጮኹ ነው የመጡት። እናኑ ከውስጥ የሰማችው «እግዜር ይስጥሽ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ምንም የለንም» የሚል የሴቶች ጩኸት ነው። ሳንለምናቸው ሊከለክሉን ደጃችን ድረስ መጡ ብላ ልጁን አቅፋ ጥግ ገባች። አበጋዝ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ሳቅና ልቅሶ አብረው መጡበትና አንድ ቃል መጨረስ አቃተው። ገንፎው ጉልበቷ ላይ ሲቀመጥ ግን ማስረዳት አላስፈለገም።

ሰጪውማ ከእሱ በቀር የሚሰጥ የለም ብሎ እያመነ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ይቀመጥ። እናኑ ቀና ሳትል በላች። ቅቤው ጣቶቿን እየወረደ፣ ሴቶቹ ብዪ እያሏት፣ የመሪጌታ ባለቤት ጀርባዋን እያሹላት በላች። እየመሸ ሲሄድ ጡቷ ሞቆ ወተት አጋተ። ልጁን አስጠጋችው። መጀመሪያ አቅም አጥቶ ለቀቀው፤ እትዬ ሸምሲያ አገጩን ደገፍ አድርገው መለሱት። ያዘ። ጎጆው ውስጥ ሁሉም አዳመጠ፤ የሚሰማው የሕፃኑ የመጥባት ድምፅ ብቻ ነበር። ጠባ፣ ጠባ፣ ጠባና እንደ ትልቅ ሰው አገሳ።